የሚኪ ሰንጢ

በ1876 እ.ኤ.አ. የጃፓን መንግሥት፣ ሳሙራይ የተባሉት የፊውዳል ጦረኞች ሰይፍ ታጥቀው በአደባባይ እንዳይሄዱ ከለከለ። ሰይፉ ቢቀርም የስለት ጥበብ አልቀረም። በ1890ዎቹ የሚኪ ከተማ ቀጥቃጮች ሂጎኖካሚ የተሰኘችውን ታጣፊ ሰንጢ ሠሩ። ስሟ የጥንት አገረ ገዥ ማዕረግ ነው፤ ሥራዋ ግን በተማሪ እጅ እርሳስ መቅረጽና ቀርከሃ መጥረብ ነበር።

እጀታዋ የታጠፈ የናስ ወይም የብረት ቆርቆሮ ነው። መቆለፊያ የላትም፤ ከስለቷ ሥር የወጣችውን ትንሽ ምላስ አውራ ጣት ካልተጫናት ትታጠፋለች። በተሻሉት ሰንጢዎች ጠንካራው አረብ ብረት በሁለት ለስላሳ ብረቶች መካከል ተጣብቆ ይቀጠቀጣል። ስትዶለዱም ጎኗን በረጠበ ድንጋይ ላይ ሙሉ በሙሉ አስተኝቶ መሳል ነው፤ ለስላሳው ቶሎ ይበላል፣ ጠንካራው ጠርዝ ይወጣል። ይህን ልጅ ይችለዋል፤ ይችልም ነበር።

በኦክቶበር 12 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. የሶሻሊስት ፓርቲው ሊቀ መንበር ኢነጂሮ አሳኑማ ቶኪዮ ውስጥ ንግግር ሲያደርጉ አንድ የ17 ዓመት የቀኝ አክራሪ ወጣት ወግቶ ገደላቸው። መሣሪያው አጭር ሰይፍ ነበር። ልጆች ስለት እንዳይዙ የተጠራው ዘመቻ ግን ሰንጢዋን ከተማሪው ኪስ አስወጣት፤ የእርሳስ መቅረጫ መኪና ተተካ። የፖለቲካ ጥላቻን ምንጭ ከመመርመር የልጅ ኪስ መፈተሽ ይቀላል።

ዛሬ በጥንቱ ስም የሚሠራ አንድ የሚኪ ወርክሾፕ ብቻ ቀርቷል። ሰብሳቢዎች ሰንጢዋን በመስታወት ሣጥን ያኖሯታል፤ እንዳትጫር ሰግተው ድንጋይ አያስነኳትም። በመሳል ብዛት ቀጥና ግማሿ የቀረውን አሮጌ ሰንጢ ሰብሳቢው አይፈልጋትም።