ለመኪና የሚሆን የሳተላይት ራዲዮ፤ ከአሜሪካ እስከ ዋግ ኽምራ

ሰው መኪና ሲገዛ ሞተሩንና ጎማውን አገላብጦ ያያል እንጂ ራዲዮው የትኛውን ሞገድ እንደሚቀበል የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ ለሚነዳ ሰው ይህ ቸልታ ብዙ አይጎዳውም። ከኮረም ወይም ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ ሰቆጣ ለሚጓዝ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ዝቋላ ወረዳና ወደ ተከዜ ሸለቆ ለሚወርድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። (ዝቋላ ስንል በዋግ ኽምራ ያለውን ወረዳ ነው እንጂ በቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን የገዳም ተራራ አይደለም።) በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ የሳተላይት ራዲዮ በአሜሪካ መኪናዎች ውስጥ እንዴት እንደገባና፣ ይልቁንም ይበጀው ለነበረው ለዋግ መንገደኛ ለምን ሳይደርስ እንደቀረ ነው።

አስቀድመን ስለ ሞገዶች ጠባይ ጥቂት እንናገር። ኤፍ ኤም የሚባለው ሞገድ እንደ ዓይን እይታ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጋራ ሲያጋጥመው ይቀራል። ስለዚህ በገደል መካከል በሚጠማዘዝ መንገድ ላይ መኪናው አንዱን ኩርባ ሲዞር ይሰማ የነበረው ድምፅ በሁለተኛው ኩርባ ይጠፋል። አጭር ሞገድ ግን ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከምድር በላይ ካለው በኤሌክትሪክ ኃይል ከተሞላው የአየር ንብርብር ላይ ነጥሮ ይመለሳልና ተራራ አያግደውም። የጀርመን ድምፅ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ አማርኛውን ለኢትዮጵያ ያሰማው በዚሁ መንገድ ነው፤ የአማራ ራዲዮም በ6090 ኪሎኸርዝ በአጭር ሞገድ ሲያሰራጭ ኖሯል፤ ከቋንቋዎቹም አንዱ የዋግ ሕዝብ ቋንቋ ኽምጣና ነው። ሆኖም አጭር ሞገድ ከሰዓት ሰዓት ይዋዥቃል። ሰውም ሊያውከው ይችላል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በመጋቢት 2002 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት የሚያውክ መሣሪያ እየተሞከረ መሆኑን በይፋ ተናግረዋል።

ከሰማይ በቀጥታ የሚወርድ ራዲዮ እነዚህን ሁለት ችግሮች ባንድነት የሚያቃልል ነበር። ይህንንም ያሰበው በአዲስ አበባ ከኢትዮጵያዊት እናትና ከሱዳናዊ አባት የተወለደው፣ በአሜሪካ ሕግ የተማረው ኖኅ ሳማራ ነው። ወርልድስፔስ የተባለውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 አቋቋመ። ይህም ኩባንያ አፍሪስታር የተባለችውን ሳተላይት ጥቅምት 18 ቀን 1991 ዓ.ም. በአሪያን ሮኬት ወደ ሰማይ አወጣ። አፍሪስታር በምድር ወገብ ላይ 36,000 ኪሎሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ በምሥራቅ 21 ዲግሪ ላይ ቆመች።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ስሌት እንዲመለከትልን እንወዳለን። ከሰቆጣ ሆኖ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው ያች ሳተላይት ከአድማሱ በላይ 64 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትገኝ ነበር። ይህ ከአናት ብዙም የማይርቅ ስፍራ ነው። ገደሉ በጣም ካልጠበበ በቀር የተከዜ ሸለቆ እንኳ አይጋርዳትም። የኤፍ ኤም ጣቢያ በየጋራው ላይ ማማ ሳይተክል የማይደርስበትን አገር አንዲት ሳተላይት ባንድ ጊዜ ታዳርሰው ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? ይኸው ኩባንያ በአሜሪካ ኋላ ኤክስ ኤም ለተባለው ድርጅት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር፤ ድርሻውን ግን በ1991 ዓ.ም. ለቀቀ። ኤክስ ኤም መስከረም 15 ቀን 1994 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ተወዳዳሪው ሲሪየስ በዚያው ዓመት በየካቲት ተከተለው። የወር ክፍያው በመጀመሪያ ለኤክስ ኤም 9.99፣ ለሲሪየስ 12.95 ዶላር ነበር። የአሜሪካ ባለመኪና በእነዚህ ሁለት መካከል ያማርጥ ነበር ይባላል፤ እኛ ግን ምርጫው ከግማሽ በላይ የመኪና ፋብሪካው ነበር ብንል አናጋንንም። ጄኔራል ሞተርስና ሆንዳ ከኤክስ ኤም ጋር፣ ፎርድና ክራይስለር ከሲሪየስ ጋር ተዋውለው ነበርና፣ መኪናውን የገዛ ራዲዮውንም አብሮ ገዛ። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ሁለቱ ሲዋሐዱ ደንበኞቻቸው ከ17 ሚሊዮን በላይ ነበሩ።

የመሣሪያውም ነገር አለ። መኪና ይሮጣል፣ በዛፍና በፎቅ ሥር ያልፋል፤ ስለዚህ ኤክስ ኤም በከተሞች ውስጥ የሳተላይቱን ድምፅ የሚደግሙ ብዙ መቶ የምድር ማሰራጫዎች ተከለ። የአፍሪስታር መቀበያ ግን በመስኮት ወይም በጣራ ላይ ተቀምጦ ጠፍጣፋ አንቴናው ወደ ሳተላይቷ ተነጣጥሮ የሚሠራ የቤት ዕቃ ነበር። ሂታቺ፣ ጄ ቪ ሲ፣ ፓናሶኒክና ሳንዮ ሠርተውታል፤ ዋጋውም መጀመሪያ ላይ 200 ዶላርና ከዚያ በላይ ነበር። ዝናብ የሚጠብቅ የዋግ ገበሬ ይህን ከየት ያመጣል? ኩባንያው በኢጣልያ ከፊያት ጋር ለመኪና የሚሆን አገልግሎት ተዋውሎ ነበር፤ እሱም ሳይጀመር ቀረ። ለድሃው አፍሪካ ዜናና የጤና ምክር ለማድረስ የታሰበው ድርጅት ውሎ አድሮ የሚከፍል ደንበኛ ፍለጋ ወደ ህንድ ዞረ። ከ170 ሺህ ገደማ ደንበኞቹም የሚበዙት ህንዳውያን ነበሩ። ጥቅምት 7 ቀን 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ ፍርድ ቤት የመክሰር አቤቱታ አቀረበ።

ጉዳዩን እንደ ቅንጦት የሚቆጥር ሰው የኮረምን ታሪክ ያስታውስ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም የወጣው የረሀብ ዜና በቢቢሲ አማካይነት ዓለምን ዞረ። ዜና ከዋግና ከአካባቢው ወደ ውጭ መውጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ወደ ዋግ መግባቱ ሌላ ነገር ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ስልክና መብራት በተቋረጠ ጊዜ በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው መገመት አያስቸግርም። የመኪና ራዲዮ ደግሞ ባትሪው ከራሱ ጋር ነው።

በሰቆጣ ኋላ የማኅበረሰብ ራዲዮ ተከፍቷል። ከተማውንና ዙሪያውን ይጠቅማል፤ ወደ ተከዜ የሚወርደው መኪና ግን ከላይ የተናገርነው የኤፍ ኤም ጠባይ ይገጥመዋል። ስለዚህ ለዚህ መንገድ ራዲዮ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የአጭር ሞገድ መኖሩን ይይ፤ የዛሬዎቹ የመኪና ራዲዮዎች አብዛኞቹ የላቸውምና፣ በእጅ የሚያዝ ባለ አጭር ሞገድ ራዲዮ በመኪናው ውስጥ መያዝ ይሻላል። መኪናው ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነም የኤፍ ኤሙን ቁጥር ይመልከት። የጃፓን መቀበያ በተለምዶ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሚይዝ፣ ሞገዱን የሚለውጥ ትንሽ ዕቃ ካልተጨመረበት፣ ባለቤቱ አዲስ አበባ ሲገባ እንኳ በ97.1፣ በ98.1 እና በ102.1 ላይ ያሉትን ጣቢያዎች አይሰማም።