ዘለላ ወይስ ስብስብ? የደብዛዛ የከዋክብት ዘለላዎች አመዳደብ ታሪክና የስያሜው ጥያቄ

ስለ ሥነ ፈለክ የሚናገሩ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ከሚገጥሙት ችግሮች አንዱ፣ በእንግሊዝኛ «ክላስተር»፣ በፈረንሳይኛ «አማ»፣ በጀርመንኛ «ሃውፈን» ለሚባለው ነገር አቻ ቃል መምረጥ ነው። ክምችት፣ ክምር፣ ስብስብ፣ ዘለላ የሚሉት ቃላት ሁሉ ለቦታው የሚመጥኑ ይመስላሉ፤ ከነዚህ አንዱን መርጦ በዚያው መጽናትም የሚበቃ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ስያሜው ባለፉት ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመታት የተጓዘበትን መንገድ ስንከታተል፣ አንዱ ቃል ሦስት የተለያዩ ፅንሰ ሐሳቦችን ተሸክሞ እንደ ኖረ እንረዳለን። እነርሱም ለዓይን ተጠጋግቶ የሚታይ፣ ዘለላ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የተገመተ፣ እና በስበት ኃይል በእርግጥ የተሳሰረ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ታሪክ ባጭሩ ማቅረብና ለአማርኛው ስያሜ የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ከጉም ወደ ዘለላ

የመጀመሪያው ስያሜ ከዓይን የመነጨ ነበር። በደካማ መነጽር ሲታዩ ጭጋግ የሚመስሉትን የሰማይ አካላት ሊቃውንቱ በላቲንኛ «ኔቡላ»፣ ማለት ጉም አሏቸው። ፈረንሳዊው ሻርል ሜስየ በ1774 የመጀመሪያ ዝርዝሩን ሲያሳትም፣ ከዚያም በ1781 ቁጥሩን ወደ 103 ሲያደርስ፣ ሐሳቡ እነዚህን አካላት ለራሳቸው ሲል መመደብ ሳይሆን፣ ጅራታም ኮከብ ፈላጊዎች እንዳይሳሳቱባቸው ማስታወቅ ነበር። ስለዚህ በዝርዝሩ ውስጥ ጉም፣ የከዋክብት ዘለላ፣ ዛሬ ጋላክሲ የምንላቸውም ጎን ለጎን ተቀመጡ። 73ኛው ቁጥር ጥቂት ከዋክብት ብቻ የሚታዩበት «ዘለላ» ነው፤ ወደዚህ ቁጥር በኋላ እንመለሳለን።

ከሜስየ ዝርዝር አስቀድሞ፣ በ1767፣ እንግሊዛዊው ጆን ሚቸል አንድ ጥያቄ አንሥቶ ነበር፤ ከዋክብት ተጠጋግተው መታየታቸው በአጋጣሚ ነው ወይስ በእርግጥ አብረው ስላሉ? ሰባቱ ከዋክብት በሚባሉት ላይ ባደረገው ስሌት፣ እንዲህ ያለው መቀራረብ በአጋጣሚ የመገኘቱ ዕድል ከግማሽ ሚሊዮን አንድ ገደማ መሆኑን አሳየ። በሚታይ መጠጋጋትና በእውነተኛ ትስስር መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ ከጥንቱ የታወቀ ነበር፤ ስያሜው ግን ይህን ልዩነት አልተከተለም።

ዊልያም ሄርሸል ከ1786 እስከ 1802 ባወጣቸው ሦስት ዝርዝሮች 2,500 አካላትን በስምንት ክፍል መደበ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ብሩህ፣ ደብዛዛና እጅግ ደብዛዛ ኔቡላዎች ሲሆኑ፣ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት ደግሞ እጅግ ከታመቁት ጀምሮ ተራርቀው እስከ ተበተኑት ድረስ ያሉ የከዋክብት ዘለላዎች ናቸው። አራተኛውን ክፍል የፕላኔት ገበታ የሚመስል ክብ ቅርጽ ስላየበት «ፕላኔታዊ» አለው። ነገሩ ከፕላኔት ጋር አንዳች ዝምድና እንደሌለው ከታወቀ ቆይቷል፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በመልክ ላይ የቆመ ስም መልኩን የሰጠው መነጽር ከተሻረ በኋላም እንደሚኖር ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

2. ደብዛዛነት የማን ነው?

«ደብዛዛ» የሚለው ቅጽል የተጠቀሰውን አካል ባሕርይ የሚገልጽ ይመስላል። ታሪኩ እንደሚያሳየው ግን አንድ ዘለላ የሚደበዝዘው ቢያንስ በአራት ምክንያት ነው፤ ሩቅ ስለሆነ፣ ከዋክብቱ ጥቂት ስለሆኑ፣ ከኋላው ያለው የፍኖተ ሐሊብ ከዋክብት ብዛት ስለሚውጠው፣ ወይም በመካከል ያለው አቧራ ብርሃኑን ስለሚቀንሰው። አራተኛውን ምክንያት በማያሻማ መንገድ ያስረዳው ሮበርት ትረምፕለር ነው። በ1930 ባሳተመው ጥናት የዘለላዎችን ርቀት በከዋክብታቸው ብርሃን መጠን ሲለካ፣ ሩቆቹ ዘለላዎች ከቅርቦቹ ይልቅ ገዝፈው የሚታዩ ሆኖ አገኘው። ዘለላዎች ከእኛ በራቁ ቁጥር ይገዝፋሉ ማለት የማይመስል ስለሆነ፣ ርቀቱ የተጋነነው ብርሃናቸው በመንገድ ላይ ስለሚመጠጥ ነው ሲል ደመደመ።

ትረምፕለር በዚያው ጥናት ለዘለላዎቹ የሰጠው ምድብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ምድቡ ሦስት መለኪያዎች አሉት፤ ወደ መሐል የመታመቅ ደረጃ (ከ1 እስከ 4)፣ በከዋክብቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት (ከ1 እስከ 3)፣ እና ብዛት፣ ይኸውም ከ50 በታች፣ ከ50 እስከ 100፣ ከ100 በላይ። ቀደም ሲል በ1927 ሃርሎ ሻፕሊና ሄለን ሶየር ሉላዊዎቹን ዘለላዎች እንደ ክምቸታቸው በ12 ደረጃዎች መድበዋቸው ነበር።

በዚያን ዘመን የትረምፕለር ዘለላዎች በእንግሊዝኛ «ጋላክሲያዊ» ይባሉ ነበር፤ በፍኖተ ሐሊብ ዝርግ ላይ ስለሚገኙ ነው። ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ሌሎች ጋላክሲዎች መኖራቸው በ1920ዎቹ ሲረጋገጥ፣ እነርሱም በብዛት ተሰባስበው ሲገኙ፣ ስሙ አሻሚ ሆነ፤ ቀስ በቀስም «ክፍት» ለሚለው ቦታውን ለቀቀ። ለአማርኛ ተርጓሚ ነገሩ የባሰ ነው። «የጋላክሲ ዘለላ» ብንል፣ አገናዛቢው «የ» በጋላክሲ ውስጥ ያለውን የከዋክብት ዘለላና ከብዙ ጋላክሲዎች የተሠራውን ዘለላ አይለይም።

ከ1949 ጀምሮ በፓሎማር ተራራ የተነሡት ፎቶግራፎች ቀድሞ ያልታዩ ደብዛዛ ዘለላዎችን አወጡ፤ በፓሎማር ስም የሚጠሩት ሉላዊ ዘለላዎች 15 ናቸው። ከነዚህ አንዱ፣ ፓሎማር 9 የተባለው፣ ቀድሞ በሄርሸል የታየው፣ ድራየር በ1888 ባሳተመው 7,840 አካላት ባሉት አዲስ አጠቃላይ ዝርዝርም በ6717 ቁጥር የተመዘገበው ነው። አንድ ነገር ሁለት ስም የሚያወጣው በሰዋስው ብቻ አይደለም።

3. የተሰየመው ሁሉ አለ ማለት አይደለም

በ1973 የድራየር ዝርዝር ተሻሽሎ ሲታተም ብዙ ቁጥሮች «የሌለ» የሚል ምልክት ተሰጣቸው። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው የዚህን ክብደት ይረዳል፤ ስም አለ፣ ፍች አለ፣ የሚያመለክተው ነገር ግን የለም። ከነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ በተሳሳተ አድራሻ የተመዘገቡ፣ ሌሎቹም በሰማይ ገጽ ላይ በአጋጣሚ የተጠጋጉ ከዋክብት ነበሩ።

ጥያቄውን በብዛት ለመፍታት ያስቻለው በ2013 መጨረሻ ወደ ሕዋ የመጠቀው የጋያ ሳተላይት ነው። ጋያ ምልከታውን በ2025 መጀመሪያ እስኪያበቃ ድረስ የከዋክብትን ቦታ፣ ርቀትና እንቅስቃሴ ለካ፤ በ2018 የወጣው ሁለተኛ መረጃው ብቻ ከ1.3 ቢሊዮን በላይ ለሆኑ ከዋክብት እነዚህን ልኬቶች የያዘ ነው። መርሑ ቀላል ነው። እውነተኛ የዘለላ አባላት ርቀታቸው ተቀራራቢ ነው፤ በሰማይ ላይም ወደ አንድ አቅጣጫ በተመሳሳይ ፍጥነት ይጓዛሉ። በአጋጣሚ የተጠጋጉት ግን በርቀትም በጉዞም ይለያያሉ። በዚህ መንገድ በ2018 ከተመረመሩት መካከል የሜስየ 73ኛ ቁጥር ይገኛል፤ ከዋክብቱ ምንም ዝምድና የሌላቸው መሆናቸው ተረጋገጠ። ስሙ ከ230 ዓመት በላይ በዘለላነት ሲጠቀስ ኖሯል።

ያው መረጃ አዳዲስ ዘለላዎችንም አበዛ። በ2023 ኤሚሊ ሃንትና ሳቢነ ሬፈርት ያሳተሙት ዝርዝር 7,167 አካላትን ሲይዝ፣ 2,387ቱ አዲስ እጩዎች ናቸው። አዘጋጆቹ ራሳቸው ብዙዎቹ በስበት የተሳሰሩ ዘለላዎች ሳይሆኑ አብረው የሚጓዙ ልቅ ቡድኖች ሊሆኑ እንደሚችሉ ገልጸዋል። «እጩ» የሚለውን ቃል ያላስተላለፈ ተርጓሚ እንግዲህ ጥርጣሬውን ወደ እርግጠኝነት ለውጦታል።

እጅግ ደብዛዛ በሆኑት ዘንድ ድንበሩ ራሱ ይጠፋል። በ2012 ቤት ዊልማንና ጄይ ስትራደር ጋላክሲን የተረጎሙት፣ ከዋክብቱ በስበት የተሳሰሩ፣ ጠባዩ ግን በሚታየው ቁስና በኒውተን ሕግ ብቻ ሊብራራ የማይችል ስብስብ ብለው ነው። በ2023 ይፋ የሆነና ወደ 60 የሚጠጉ ከዋክብት ብቻ የተለዩበት አንድ አካል ታዲያ ሁለት ስም ተሰጠው፤ ጋላክሲ ከሆነ «ኡርሳ ሜጀር 3»፣ ዘለላ ከሆነ «ዩኒየንስ 1»። ተርጓሚ ለአጭርነት ሲል አንዱን ስም ቢያስቀር፣ ሊቃውንቱ ያልሰጡትን ፍርድ ራሱ ይሰጣል።

4. ለአማርኛው ስያሜ

ከዚህ ታሪክ በመነሣት የሚከተለውን እናቀርባለን። «ዘለላ» በወይን ዘለላ እንደምናየው ፍሬዎቹ ከአንድ ዘንግ የተያያዙና አብረው የበቀሉ መሆናቸውን ያመለክታል፤ በአንድነት ተወልደው በስበት ለተሳሰሩ ከዋክብት ከዚህ የቀረበ ቃል አናገኝም። ለእንባ ሲነገር ነጠላ ጠብታን ማመልከቱ፣ «የከዋክብት» የሚለው ብዙ ቁጥር ከፊቱ እስካለ ድረስ አያሳስትም። «ስብስብ» ትስስርን ሳያረጋግጥ መጠጋጋትን ብቻ ስለሚናገር፣ ለዓይን ብቻ ለሚቀራረቡት «የእይታ ስብስብ» ተብሎ ቢያዝ፣ ያልተረጋገጠውም «እጩ ዘለላ» ቢባል ሦስቱ ፅንሰ ሐሳቦች ይለያሉ።

«ሉላዊ ዘለላ» ያለ ችግር ይቆማል። «ክፍት ዘለላ» ግን የተዘጋ ዘለላ ያለ ያስመስላል፤ የተፈለገው የከዋክብቱ መላላት ነው። ፊደል ላልቶና ጠብቆ ሲነበብ ለምናውቅ ለእኛ «ልል ዘለላ» ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ለጋላክሲዎቹም በብዙ ቁጥር «የጋላክሲዎች ዘለላ» ማለት አሻሚነቱን ያስወግዳል። «ደብዛዛ» በሚለው ፋንታ፣ ጽሑፉ ምክንያቱን ከተናገረ፣ «ሩቅ»፣ «ከዋክብቱ ጥቂት» ወይም «በአቧራ የተጋረደ» ብሎ መግለጽ ይመረጣል፤ ምክንያቱ ካልተነገረ ግን «ደብዛዛ» እንዳለ ይቆይ። ተርጓሚው ዋናው ጽሑፍ ከተናገረው በላይ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ የተናገረውን ጥርጣሬ ግን ከእርግጡ ለይቶ ማድረስ ግዴታው ነው።