የጦር ስብጥር፦ ሃያውን ቦታ በማን እንሙላው?

«ሮም፦ ቶታል ዋር» የተባለው የኮምፒውተር ጌም በ2004 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ተጫዋቹን በአንድ ገደብ ያዘው፤ አንድ ጦር ከ20 ክፍል በላይ አይይዝም። ግምጃ ቤቱ ሞልቶ ቢፈስም 21ኛ ቦታ የለም። ስለዚህ የጦርነቱ ግማሽ የሚያልቀው ገና ሜዳ ሳይወጣ፣ እነዚያ 20 ቦታዎች በእግረኛ፣ በፈረሰኛ፣ በቀስተኛና በጦር ወርዋሪ ሲሞሉ ነው። ተጫዋቾች ይህን ሥራ «አርሚ ኮምፖዚሽን» ይሉታል። በአማርኛ «የጦር ስብጥር» ቢባል ይስማማዋል።

«አሰላለፍ» ቢባልስ የሚል ይኖራል። ቃሉን ከእግር ኳስም ከጦር ሜዳም ስለምናውቀው ቀድሞ አፋችን ላይ ይመጣል። አሰላለፍ ግን የሚናገረው ማን የት እንደሚቆም ነው። ፊታውራሪ፣ ቀኝአዝማች፣ ግራአዝማች የተባሉት የቀድሞ ማዕረጎቻችንም የተሰየሙት በቦታ ነው፤ ከፊት፣ በቀኝ፣ በግራ። ስብጥር ደግሞ ጦሩ ምን ዓይነት ተዋጊ በምን ያህል መጠን እንደያዘ ይገልጻል። አሰላለፍን ጠላት ፊት ቆሞም መለወጥ ይቻላል። ስብጥር በአብዛኛው የሚወሰነው ከተማ ውስጥ፣ ምልመላው ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ይዞ መዋጋት ነው።

ከስብጥር ጋር አብሮ የሚነሳ ሌላ ቃል አለ፤ ተጫዋቾች «ካውንተር» የሚሉት። ለዚህ «ማርከሻ» የሚለውን ቃላችንን እመርጣለሁ። የመርዝ ማርከሻ የሚሠራው ለተሰናዳለት መርዝ ነው። ማርከሻ ክፍልም እንዲሁ ኃይሉ የሚታየው በአንድ ዓይነት ጠላት ላይ ነው፤ በሌላው ላይ ከተራ ወታደር ሊያንስ ይችላል።

ጌሙ ይህን ለማሳየት የመረጠው መንገድ ጥሩ ነው። ተጫዋቹ ከሦስት የሮም ቤተሰቦች አንዱን ይይዛል። ዩሊ ወደ ሰሜን ጎል የተባሉትን ነገዶች ይገጥማል፣ ብሩቲ ወደ ግሪክና መቄዶንያ ይሻገራል፣ ስኪፒ ከሰሜን አፍሪካዋ ካርታጎ ጋር ይተናነቃል። ሦስቱም የሚመለምሉት ያንኑ የሮም እግረኛ ነው፤ ጠላታቸው ግን ስለሚለያይ ስብጥራቸውም መለያየት አለበት።

የጎሎቹ ቀላል ነው። በኃይል እየሮጡ ይመጣሉ፣ ጥሩራቸው ሳሳ ያለ ነው። ከመጋጨቱ በፊት ጦሩን የሚወረውር የሮም እግረኛ ግንባሩን ይዞ ከቆመና ጥቂት ፈረሰኛ ከኋላ ከመታቸው ይሸሻሉ።

ይህንኑ ጦር ይዞ መቄዶንያ የሚሻገር ተጫዋች ግን ፋላንክስን ያገኛል። ፋላንክስ ከአምስት ሜትር በላይ የሚረዝም ጦር በሁለት እጁ የያዘ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የቆመ እግረኛ ነው። የኋለኞቹ ረድፎች ጦርም ከፊተኞቹ ትከሻ አልፎ ስለሚወጣ ሰይፍ የያዘ ሰው ሊጠጋው አይችልም። ድክመቱ መዞር ላይ ነው፤ ሲዞር ቀርፋፋ ነው፤ ጎኑና ጀርባው ባዶ ነው። ስለዚህ ከ20ው ቦታ ለግንባር የሚሰጠው ይቀነስና ለወርዋሪና ለፈረሰኛ ይጨመራል። ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። በ197 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ኪኖስኬፋላይ በተባሉት ኮረብታዎች ላይ የመቄዶንያ ቀኝ ክንፍ ሮማውያኑን ቁልቁል እየገፋ ሳለ፣ ስሙ ያልተመዘገበ አንድ የሮም መኮንን ማኒፕል የተባሉ 20 ትናንሽ የእግረኛ ክፍሎች ይዞ ዞረና ከጀርባቸው ገባ። ፋላንክሱ ፊቱን ሊያዞር አልቻለም፤ ውጊያውም በዚያው አለቀ።

በካርታጎ በኩል የሚያስፈራው ዝሆኑ ነው። ጌሙ ውስጥ ፈረስ ዝሆንን ይፈራል፤ ፈረሰኛ ያበዛ ተጫዋች እዚህ ይጎዳል። የዝሆን ማርከሻው ጦር ወርዋሪና እሳት የሚተኩስ ቀስተኛ ነው፤ የደነገጠ ዝሆን የራሱንም ወገን ይረግጣል። በ202 ቅ.ል.ክ. ዛማ ላይ የካርታጎው አዛዥ ሃኒባል 80 ያህል ዝሆኖች አሰልፎ ነበር። የሮሙ አዛዥ ስኪፒዮ በክፍሎቹ መካከል መተላለፊያ ትቶ ቀላል ወርዋሪዎችን አስገባበት፤ ከዝሆኖቹ አንዳንዶቹ በመለከት ድምፅ ደንግጠው ወደ ገዛ ፈረሰኞቻቸው ተመለሱ። መተላለፊያው የአሰላለፍ ብልሃት ነው፤ ሁሉም የሚያወራውም ስለ እሱ ነው። እኔ ግን ድሉን የወሰነው ስብጥሩ ነው እላለሁ። ቀድሞ ለሃኒባል ድል ይሰጡ የነበሩት የኑሚዲያ ፈረሰኞች አብዛኞቹ በዚያን ቀን ከንጉሣቸው ከማሲኒሳ ጋር በሮም በኩል ነበሩ። ከሮም ፈረሰኞች ጋር ሆነው የሃኒባልን ጀርባ የመቱትም እነሱ ናቸው። ስኪፒዮ የጎደለውን ክፍል ያገኘው በወዳጅነት ነው፤ ጌሙም ለዚህ ቅጥረኛ ወታደር የሚባለውን መንገድ ይሰጣል።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው የፓርቲያ ነገር ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ጳርቴ የምትባለው አገር ናት። በ53 ቅ.ል.ክ. የሮሙ አዛዥ ክራሱስ ሰባት ሌጌዎን ይዞ ኤፍራጥስን ተሻገረ። አብርሃም በኖረባት በካራን አጠገብ ሱሬና የተባለ የፓርቲያ መኮንን 10,000 ያህል ፈረሰኛ ይዞ ጠበቀው። ከነዚህ 1,000 ያህሉ ሰውም ፈረስም ጥሩር የለበሱ ባለረጅም ጦር ናቸው፤ የቀሩት ከፈረስ ላይ የሚተኩሱ ቀስተኞች ናቸው። ሮማውያኑ ጋሻ ለጋሻ ገጥመው ቆሙ፣ ፍላጻው እስኪያልቅም ጠበቁ። ሱሬና ግን ፍላጻ የተጫኑ ግመሎች ከኋላ አሰልፎ ስለነበር ፍላጻው አላለቀም። ተበትነው ቢቆሙ ጥሩር ለባሹ ይደፈጥጣቸዋል፤ ተጠጋግተው ቢቆሙ ቀስተኛው ይለቅማቸዋል። ወደፊት ሲሮጡ ፈረሱ ይሸሻል፣ እየሸሸም ይተኩሳል። 20,000 ያህል ሞቱ፣ 10,000 ያህል ተማረኩ። እነዚህ ሰዎች ፈሪዎች አልነበሩም፤ በቁጥርም ይበልጡ ነበር። ለዚያ ጠላት የሚሆን ወታደር ግን በበቂ አልያዙም።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ38 ቅ.ል.ክ.፣ ቬንቲዲዩስ የተባለ ሌላ ሮማዊ ያንኑ ጠላት ጊንዳሩስ በተባለ ቦታ ገጠመ። ከፍታ ያዘ፤ ከእግረኛው ጋርም ወንጭፍ ወርዋሪዎችን ይዞ ነበር። ድንጋዩ ከሩቅ እየደረሰ ጥሩር ለባሾቹን ሳይቀር አወካቸው፤ የፓርቲያው ልዑል ፓኮሩስም እዚያው ወደቀ። ጌሙ ላይም መላው ይኸው ነው። መሬት ረግጦ የሚተኩስ ቀስተኛ ፈረስ ላይ ካለው ይበልጣል። ስለዚህ ወደ ፓርቲያ ስትሄዱ ከባድ እግረኛውን ቀንሳችሁ እግረኛ ቀስተኛ አብዙ፤ ጥሩር ለባሹ እንዳይደርስባቸውም ባለጦር እግረኛ ከፊታቸው አቁሙ።

ጦርን ለአንድ ጠላት ማሰናዳት ግን ልክ አለው። ሙሉ በሙሉ ለአንድ ጠላት የተሰናዳ ጦር ሌላ ጠላት በድንገት ሲመጣበት ይሰበራል። ለፓርቲያ ያዘጋጃችሁት ቀስተኛ የበዛበት ጦር የከተማ ቅጥር ላይ ሲወጣ ከባድ እግረኛው ያንሰዋል። እያንዳንዱ ክፍል በየተራው ቀለብ ይበላል፤ ለመመልመልም ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ለየጠላቱ አንድ አንድ ጦር ማቆም አይቻልም። እኔ የምመክረው ከ20ው ክፍል 12 ያህሉን ለየትኛውም ጠላት የሚሆን ቋሚ አካል ማድረግ ነው፤ እግረኛ፣ ጥቂት ባለጦር፣ ጥቂት ፈረሰኛ። የቀሩት ስምንቱ ማርከሻዎች ይሁኑ፤ እንደ ዘመቻው የሚለዋወጡት እነሱ ናቸው።

ስምንቱን ከመመልመላችሁ በፊት ሰላይ ላኩ። ጌሙ ውስጥ ሰላይ ርካሽ ነው፤ የጠላትን ስብጥር አንድ በአንድ ቆጥሮ ያመጣላችኋል።