የሕፃናት የልብ ዕጢ፤ ቀዶ ሕክምናውና ሰመመኑ

ከልብ የሚነሳ ዕጢ በሕፃናት ላይ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ችግር ነው። ሲገኝም በአብዛኛው ካንሰር አይደለም። ሆኖም የሕፃን ልብ ጠባብ በመሆኗ ካንሰር ያልሆነውም ዕጢ የደም መተላለፊያን በመዝጋት ወይም የልብ ምትን በማዛባት ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

በጨቅላ ሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው ራብዶማዮማ ነው። ቲዩበረስ ስክለሮሲስ ከተባለው የዘረ መል ሕመም ጋር ብዙ ጊዜ ስለሚያያዝ፣ ቆዳው ላይ ነጣ ያሉ ምልክቶች የታዩበትና የሚያንቀጠቅጠው ሕፃን ልቡም ቢታይለት ይመከራል። ይህ ዕጢ ከውልደት በኋላ በራሱ እየከሰመ ስለሚሄድ፣ ካላስቸገረ በልብ አልትራሳውንድ ወይም በኢኮ እየተከታተሉ መጠበቅ ይመረጣል። ፋይብሮማ ግን እንደዚያ አይከስምም፤ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

ቀዶ ሕክምናው የሚካሄደው የልብንና የሳንባን ሥራ በሚተካ ማሽን ነው። ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል፤ ልብም ፖታሲየም ባለው ቀዝቃዛ ፈሳሽ እንድትቆም ይደረጋል። ራብዶማዮማ ከሆነ ዓላማው ዕጢውን ሙሉ በሙሉ መንቀል ሳይሆን መተላለፊያውን መክፈት ሊሆን ይችላል።

እጅግ ጥንቃቄ ከሚሹት ጊዜያት አንዱ ግን ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ያለው ነው። ማደንዘዣው የደም ግፊትን በድንገት ከጣለ፣ በዕጢ የተጋረደች ልብ የምትረጨው ደም ያንሳል። ስለዚህ ሕፃኑ ከሚገባው በላይ ጾሞ ፈሳሽ እንዳያጣ ይደረጋል፤ ሰመመን ሰጪው መድኃኒቱን ቀስ እያለ ይሰጣል፤ ቀዶ ሐኪሙና ማሽኑም አስቀድመው ይዘጋጃሉ። ዕጢው በቀኝ የልብ ክፍል ከሆነ፣ በደም ሥር የሚገባው ቱቦ ነክቶት ቁራጭ ወደ ሳንባ እንዳይሄድ ይጠነቀቃሉ።

እንዲህ ያለ ሕፃን ከጋምቤላ ክልል ዲማ ወረዳ ቢገኝስ? የልብ ቀዶ ሕክምና ለማግኘት ረጅም መንገድ ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ይኖርበታል። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የተመሠረተውና በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተው የልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከሚታወቁት አንዱ ነው። ወረፋ ግን አለ።

በመሆኑም የመጀመሪያው ሕክምና ምልክቱን ለይቶ በጊዜ መላክ ነው። ጡት ሲጠባ የሚያልበው፣ የሚያለከልክ፣ ክብደት የማይጨምር፣ ከንፈሩ የሚጠቁር ወይም ራሱን የሚስት ሕፃን ሁሉ የልብ ዕጢ አለበት ማለት አይደለም። ነገር ግን ሁሉም ልቡ መታየት አለበት። ራሱን ለሳተ ወይም ከንፈሩ ለጠቆረ ሕፃን ነገን መጠበቅ አይገባም።