ቁልቁለትና ፍሬን፦ የሐረር ፔጆዎች ለሙያው ያስተላለፉት ትምህርት

ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት መኪና ከመምጣቱ በፊትም የመሐንዲሶችን ሐሳብ ያስለወጠ ዳገት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሐረርን ትቶ ከተራራው ግርጌ ድሬዳዋ የደረሰው፣ ወደ ከፍታው መውጣቱ እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ በመገኘቱ ነበር። ባቡሩ የሸሸውን ቁልቁለት በኋላ የወረሰው መኪና ነው። ሐረማያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በደንገጎ በኩል የሚወርድ ተሽከርካሪ በአንድ ጉዞ ወደ 800 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይለቃል።

የዚህን ትርጉም በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ከነተሳፋሪዎቹ 1,500 ኪሎግራም የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ሲወርድ 12 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል ይለቀቃል። ይህም 35 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ከዚህ ኃይል ከፊሉን ነፋሱና በዝቅተኛ ማርሽ የተያዘው ሞተር ይቀበሉታል፤ የቀረው ሁሉ በፍሬኑ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

በሐረር ስሙ ከታክሲ ጋር ተያይዞ የኖረው ፔጆ 404 ነው። በ1960 ለገበያ የቀረበው ይህ መኪና፣ ቅርጹን ጣሊያናዊው ፒኒንፋሪና የነደፈለት ሲሆን፣ በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር አሸንፏል። ብርታቱ በውድድር የተመሰከረለት ይኸው መኪና፣ ዓመታት አልፈው ባጃጅ ጎዳናውን እስኪሞላው ድረስ፣ ከሐረር በር ወደ ፈረስ መጋላ በሚያስገባው መንገድ ሰው ሲያመላልስ ኖረ።

የመለዋወጫ ምርጫ ችግር የሚጀምረውም ከዚሁ ላይ ነው። ፔጆ 404 ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ፍሬኑ አንድ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ በአራቱም እግሮች ታምቡር ነበራቸው፤ በ1960ዎቹ መገባደጃ ግን ፊቱ በዲስክ ተተካ። ዲስክ አዲስ ሐሳብ አልነበረም፤ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1902፣ ሐዲዱ ድሬዳዋ በገባበት ዓመት ነው። ሆኖም ዓለም በሙሉ ልቡ የተቀበለው፣ ጃጓር በ1953 የለማን ውድድርን በዲስክ ፍሬን ካሸነፈ በኋላ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ታምቡር ሲግል ሰፍቶ ከሸራው ይሸሻል፣ ሙቀቱንም በውስጡ ያፍናል። ዲስክ ግን ሲግል ወደ ሸራው ይጠጋል፤ ገላውም ለነፋስ የተገለጠ ነው።

ስለዚህ መለዋወጫ የሚመርጥ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን መኪና ነው?» ሳይሆን «የትኛው ዓመት ነው? የትኛውስ መንገድ ይጠብቀዋል?» የሚል ሊሆን ይገባዋል። ለውድድር የተሠራ ጠንካራ ሸራ ከፍተኛ ሙቀትን ይችላል፤ ነገር ግን ሳይግል በደንብ አይነክስም። በጀጎል ውስጥ በዝግታ ለሚሄድና በየደቂቃው ለሚቆም ታክሲ እንዲህ ያለው ሸራ ብልጫ ሳይሆን ጉድለት ነው። ለስላሳው ሸራ ደግሞ በከተማ ያገለግልና በደንገጎ ቁልቁለት ላይ ይከዳል።

ፈረንሳይ ውስጥ የ404 የቤት መኪና ምርት በ1975 ቆመ። መለዋወጫ በራቀ ቁጥር የሚቀረው መፍትሔ ቶርኖ ነው፤ የተቦረቦረውን ታምቡር ወይም ዲስክ አስተካክሎ መላግ። ይህ የእጅ ሙያ ብዙ መኪናዎችን ከመጣል የሚያድን ቢሆንም ዋጋ አለው። ቶርኖው የሚልገው ብረት ሙቀትን የሚሸከመው ብረት ነው። የሳሳ ዲስክ በዝርግ መንገድ ከአዲሱ ባይለይም፣ በረጅም ቁልቁለት ግን ፈጥኖ ይግላል፤ ሙቀቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ያለ ተቃውሞ ወለሉን ይነካል። ቶርኖ ያተረፈው ገንዘብ የሚጠፋው በዚያች ቅጽበት ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ሥርዓት አጭር ነው። ዲስክ ከመላጉ በፊትም በኋላም በካሊበር ይለካ፤ ፋብሪካው ከወሰነው ውፍረት በታች ከሆነ ይጣል። ሸራ በአንድ አክስል ግራና ቀኝ፣ በአንድ ዓይነት፣ በአንድ ጊዜ ይለወጥ። ዘይቱ በየጊዜው ይቀየር። በአሮጌ ሸራ ውስጥ ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል፣ የታምቡር አቧራ በኮምፕሬሰር አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

የፍሬን ሸራን ለኢንዱስትሪ ያበቃው ኸርበርት ፍሩድ በ1897 ፌሮዶን ሲመሠርት፣ ሐሳቡ የተነሣው በእንግሊዝ ኮረብታዎች ቁልቁል በሚወርዱ የፈረስ ጋሪዎች ምክንያት ነበር። ፍሬን ከጥንቱም የቁልቁለት ልጅ ነው። መኪናውን የሚያውቅ መካኒክ መለዋወጫውን ያገኝ ይሆናል፤ ትክክለኛውን የሚመርጠው ግን ቁልቁለቱንም የለካ ነው።