አንዱ ሲያጠልቅ ሰፈሩ ይጩህ

ስሙኝማ፣ ጎበዝ! ጠጋ ጠጋ በሉና አንድ ወሬ ላውራችሁ። ወሬው ስለ ቪአር መነጽር ነው። ጭንቅላት ላይ ይጠለቃል፣ ዓይንን ግጥም አድርጎ ይጋርዳል። ያጠለቀው ሰው ወደ ቀኝ ሲዞር ቀኙን፣ ቀና ሲል ሰማዩን የሚያይበት ሌላ ዓለም ውስጥ ይገባል። ሶኒ ይህን መነጽር ከፕሌይስቴሽን ጋር አያይዞ ሁለት ጊዜ ለገበያ አቅርቦታል፤ ሁለት ጊዜም የተወራለትን ያህል አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ የሚተነትኑ የገበያ አዋቂዎች ሞልተዋል። እኔ ግን ምክንያቱን የምነግራችሁ አብነት ላይ ቆሜ ነው።

አብነትን ታውቁታላችሁ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከሰባተኛ ተነስቶ ወደ ዳርማርና ወደ ልደታ ሲወርድ መሐል ላይ የሚያገኘው ሰፈር ነው። ከላይ መርካቶ፣ ከታች ልደታ። የመርካቶ ጎረቤት መሆን ለልጅ ትልቅ ዕድል ነው፤ ከውጭ የገባ መጫወቻ ሩቅ ሳይሄድ ይደርሰዋል።

እዚህ ሰፈር፣ እንደ ሌላውም የአዲስ አበባ ሰፈር፣ መጀመሪያ ጆተኒ ነበር። ደጅ ላይ ይቆማል፣ ሳንቲም ይከፈልበታል፣ አራት ልጅ ይይዘዋል፣ የቀረው ልጅ ይከበዋል። ቀጥሎ ፕሌይስቴሽን መጣ። ፕሌይስቴሽን ግን ወደየቤቱ አልገባም፤ ማን ችሎ ይገዛዋል? ገዝቶ ያመጣው ሰው አንድ ጠባብ ክፍል ተከራየ፣ በሩ ላይ ፀሐይ የሚከላከል መጋረጃ ሰቀለ፣ ግድግዳው ላይ ሁለት ሦስት ቲቪ፣ ከፊታቸው አግዳሚ ወንበር አደረገ። ጌም ቤት ሆነ።

የጌም ቤት ሥርዓት ቀላል ነው። ክፍያው በጨዋታ ነው። ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይይዛሉ፤ አንዱ አርሴናል፣ አንዱ ማንችስተር። ከኋላ የቆሙት አልከፈሉም፣ እነሱም ግን እየተጫወቱ ነው። «አቀብል!» ይላል አንዱ። «ምታው እንጂ ምን ታያለህ!» ይላል ሌላው። ጎል ሲገባ ክፍሉ በጩኸት ይናጋል። የተሸነፈው ይነሳል፣ ተረኛው ይቀመጣል። ኪሱ ባዶ የሆነ ልጅ ሳይቀር ከሰዓቱን ሙሉ ሲዝናና ይውላል። ሶኒ ፕሌይስቴሽንን የሠራው ለሳሎን ነበር፤ አብነት የሰፈር አደረገው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ባሕር ማዶ እንሻገርና ታሪኩን ከሥሩ እንያዝ።

የመነጽሩ ሕልም አዲስ አይደለም። ሴጋ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ1993 እ.ኤ.አ. ለራሱ መጫወቻ የሚሆን መነጽር ለሕዝብ አሳየ፤ ሳይሸጠው ቀረ። በ1995 ኒንቴንዶ ቨርቹዋል ቦይ የተባለውን አወጣ። የሠራው ጌም ቦይን የፈጠረው ጉንፔ ዮኮይ ነበር። ጠረጴዛ ላይ በእግሩ ይቆማል፣ ተጫዋቹ አጎንብሶ ዓይኑን ይደቅንበታል፣ የሚያየው ሁሉ ቀይና ጥቁር ነው። አንገት ያማል፣ ዓይን ይደክማል። አንድ ሚሊዮን እንኳ ሳይሸጥ በዓመት ገደማ ከገበያ ወጣ።

ከዚያ ረጅም ዝምታ። በ2012 ፓልመር ላኪ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ኦኩለስ ለተባለው መነጽሩ ከሕዝብ ወደ 2.4 ሚሊዮን ዶላር አሰባሰበ፤ በ2014 ፌስቡክ ኩባንያውን በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። የዓለም ገንዘብ ሁሉ ዞሮ መነጽሩን ተመለከተ። ማይክሮሶፍት በ2016 አዲሱ ኤክስቦክስ ቪአር እንደሚችል ተናገረ፤ ማሽኑ በ2017 ሲወጣ መነጽር አልነበረውም። በ2019 የኤክስቦክስ አለቃ ፊል ስፔንሰር ደንበኞቻችን ቪአር እየጠየቁን አይደለም ብሎ ነገሩን ዘጋው። ኒንቴንዶም በዚያው ዓመት በካርቶን ተጣጥፎ የሚሠራ የልጆች መነጽር አውጥቶ አለፈ። በሩ ላይ የቀረው ሶኒ ብቻ ነበር።

ሶኒ የመጀመሪያውን መነጽር ጥቅምት 13 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በ399 ዶላር አወጣ። ለፕሌይስቴሽን 4 ነበር፤ ካሜራው ለብቻው ይገዛል። እስከ 2019 መጨረሻ 5 ሚሊዮን ተሸጠ። አምስት ሚሊዮን ሲሉት ብዙ ይመስላል፤ ግን እስከዚያው ቀን የተሸጠው ፕሌይስቴሽን 4 ራሱ 106 ሚሊዮን ነበር። መጫወቻው ካላቸው ከሃያ ሰዎች አንዱ ብቻ መነጽሩን ገዛ ማለት ነው።

ሁለተኛው የካቲት 22 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ወጣ። እውነቱን ልናገር፣ የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ውስጡ ያሉ ትንንሽ ካሜራዎች ዓይን የት እንዳለች ይከታተላሉ፤ ማሽኑ ዓይን ያረፈችበትን ቦታ ብቻ አጥርቶ ይስላል፣ ዳር ዳሩን ያደበዝዘዋል፣ በዚህም ጉልበቱን ይቆጥባል። የሰው ዓይንም የሚሠራው እንዲሁ ስለሆነ ተጫዋቹ አያስተውለውም። ግን ዋጋው 550 ዶላር ሆነ፤ ፕሌይስቴሽን 5 በ500 ዶላር በሚሸጥበት ጊዜ መነጽሩ ከማሽኑ በለጠ! በዚያ ላይ ለመጀመሪያው መነጽር የተሠሩት ጨዋታዎች በሁለተኛው አይሠሩም። ከስድስት ዓመት በላይ ያጠራቀመ ሰው እንደገና ከባዶ ይጀምር ተባለ። በመጋቢት 2024 ብሉምበርግ ሶኒ ያልተሸጠ መነጽር ስለተከማቸበት ማምረቱን ለጊዜው እንዳቆመ ዘገበ። በዚያው ዓመት የቪአር ጨዋታ ሲሠራ የነበረውን የለንደን ስቱዲዮውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በነሐሴ መነጽሩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ዕቃ መሸጥ ጀመረ። በመጋቢት 2025 ዋጋውን ወደ 400 ዶላር አወረደ።

ስሙን ወደ ሜታ የለወጠው ፌስቡክ በበኩሉ ገመድም ፕሌይስቴሽንም የማይፈልገውን ክዌስት የተባለ መነጽር ከ300 ዶላር ገደማ ጀምሮ ሲሸጥ ቆይቷል። መጫወቻውን የያዘው ኩባንያ ያልቻለውን ገበያ መጫወቻ የሌለው ወሰደው።

ምን ጎደለ? ዋጋው አንድ ነገር ነው። ማዞሩም አለ፤ ዓይን እየሄድኩ ነው ሲል ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ቆሜአለሁ ይላል፣ ሁለቱ ሲጣሉ ሆድ ይታወካል። እኔ ግን ከሁሉ የሚከፋው ሌላ ነው እላለሁ። የቤት መጫወቻ ሲፈጠር ጀምሮ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚጫወትበት ነገር ነው፤ መነጽሩ መጥቶ አንዱን ከጎኑ ካለው ሰው ነጠለው። ሳሎን ውስጥ አራት ሰው ካለ ሦስቱ ቁጭ ብለው አንዱን ያያሉ። እሱ ግን አያያቸውም።

ኢትዮጵያ ከዚህ ወሬ ውጭ ናት ብላችሁ እንዳታስቡ። በ2015 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ቻሪቲ ዋተር የተባለው የውኃ በጎ አድራጎት ድርጅት ግብዣ አዘጋጀና 400 ያህል እንግዶች በአንድ ጊዜ የቪአር መነጽር አጠለቁ። ያዩት «ዘ ሶርስ» የተባለ አጭር ፊልም ነበር፤ ውኃ ለመቅዳት ስለምትደክም የ13 ዓመት ኢትዮጵያዊት ልጅ የሚተርክ። የእኛ ገጠር፣ የእኛ ልጅ፣ በዓይናቸው ፊት። እኔን የሚገርመኝ ሁሉም አንድ ላይ ማጥለቃቸው ነው። አብረው ገቡ፣ አብረው ወጡ፣ ሲወጡ የሚያወሩት አንድ ነገር ነበራቸው። መነጽሩ እንዲህ ሲሆን ይሠራል።

እንግዲህ አብነት እንመለስ። እንበልና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከዲሲ ለእረፍት የመጣ የሰፈሩ ልጅ ሁለተኛውን መነጽር ከነማሽኑ ይዞ ጌም ቤት ገባ።

«ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይሞክሩት» አላቸው ባለቤቱን።

«በል እስቲ ልጄ፣ እንዴት ነው የሚደረገው?»

አጠለቁት። ግራን ቱሪስሞ 7 ተከፈተ፤ መኪና ውስጥ ገቡ፣ መሪው ፊታቸው፣ መንገዱ በሁለቱም በኩል። አንገታቸውን አዙረው የኋላ ወንበሩን አዩ። «ወይ ጉድ!» አሉ። ከኋላ ያለው ልጅ ሁሉ ቲቪው ላይ እሳቸው የሚያዩትን ያያል፤ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ዝም አለ፣ ቀጥሎ አንድ አንድ እያለ ወደ ሌላኛው ቲቪ፣ ወደ ኳሱ ዞረ። ባለቤቱ መነጽሩን አወለቁና ላባቸውን ጠርገው አንድ ነገር ጠየቁ፦ «ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው። ግን ልጄ፣ ሌላኛው ልጅ ምን ይዞ ይቀመጣል?»

እነሆ ጥያቄው! የሶኒ መሐንዲሶች ሁለት ጊዜ ሊመልሱት የሚገባቸው ጥያቄ ይህ ነበር።

መልሱ ደግሞ የለም አይባልም። እዚያው፣ በመጀመሪያው መነጽር ዘመን ተሠርቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. «ዘ ፕሌይሩም ቪአር» የሚባል ጨዋታ ከመነጽሩ ጋር በነፃ ወጥቶ ነበር። አንዱ መነጽር አጥልቆ ትልቅ አውሬ ይሆናል፤ አራቱ ጆይስቲክ ይዘው በቲቪው ከአውሬው ያመልጣሉ። በዚያው ዓመት በመነጽሩ የመጣ ሌላም አለ፤ ያጠለቀው ሰው ፊት ለፊቱ ቦምብ ያያል፣ የማክሸፊያው መመሪያ ግን ያለው ውጭ ባሉት እጅ ነው። እሱ መመሪያውን አያይም፣ እነሱ ቦምቡን አያዩም። ያላቸው አፍ ብቻ ነው።

ይህን አብነት ላይ አስቡት። «ሽቦው ስንት ነው?» «አምስት!» «የመጨረሻው ምን ቀለም አለው?» «ጥቁር! ቶሎ በሉ!» «ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትቆርጥ!» ስድስት ልጅ አንድ ወረቀት ላይ ተደፍቶ ይሻማል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ በሩ ላይ መንገደኛው ሁሉ ይቆማል። ወረቀቱን ወደ አማርኛ የሚመልስ አንድ ጎበዝ ተማሪ ከተገኘ ጨዋታው የሰፈሩ ሆነ ማለት ነው። ጌም ቤቱ ደግሞ መነጽሩ ያጣውን ነገር ድሮውኑ ይዞታል፤ ጮሆ የሚያጫውት ሰው።

ክፍያውም ቢሆን እዚሁ ነው የሚገጥመው። አስቡት፣ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 550 ዶላር ከ31 ሺህ ብር በላይ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ይወሰን ተብሎ ዶላር ከ120 ብር ሲያልፍ፣ የረከሰው የ400 ዶላር መነጽር እንኳ ከ48 ሺህ ብር በላይ ሆነ፤ ያውም ቀረጥ ሳይጨመር። በዶላር ቀነሰ፣ በብር ጨመረ። ይህን ለአንድ ልጅ የሚገዛ ቤተሰብ አብነት ውስጥ ስንት አለ? አንድ ዕቃ ገዝቶ በተራ እያከራዩ ሰፈሩን ማዳረስ ግን አብነት የኖረበት ሥራ ነው።

ጋሬጣው ብዙ ነው፤ አልደብቃችሁም። የፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት መደብር ኢትዮጵያን ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አላስገባትም። ኳሱ በዲስክ ስለሚመጣ ችግሩ ብዙም አይሰማም፤ የሁለተኛው መነጽር ጨዋታዎች ግን አብዛኞቹ የሚገኙት በኢንተርኔት ብቻ ነው። ቆሞና ተንቀሳቅሶ ለመጫወት ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ በዚያ ቦታ ጌም ቤት አንድ ሙሉ አግዳሚ ያስቀምጣል። መብራት ሲጠፋም ያው መብራት ጠፋ ነው። ሶኒ ደግሞ መነጽሩ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሆንም ይላል። ጌም ቤት የምታሠሩ ወንድሞቼ፣ ይህን አደራ ጠብቁልኝ፤ ትንሹ ልጅ ብሩን ይዞ ቢያለቅስም አታጥልቁለት። ፊት የነካውን ዕቃ ከልጅ ወደ ልጅ ስታሳልፉ ጥረጉት፣ የዓይን በሽታ በቀላሉ ይተላለፋል።

ፍርዴን ጠይቃችሁኝ ከሆነ እነሆ። ለሳሎን የታሰበው፣ ከቤት መጫወቻ ጋር የሚያያዘው መነጽር ብዙ ሰው የሚገዛው ዕቃ አይሆንም። ሶኒ ሦስተኛውን ቢያወጣ እንኳ፣ ለብቻ የሚጠለቅ ሆኖ ከመጣ ያው ከሃያ አንዱን ያገኛል። የኳሱ ጨዋታ፣ ፊፋ የነበረው፣ ቪአር የለውም፤ ኳስ የሌለበት ጌም ቤት ደግሞ አብነት ውስጥ አይውልም። ዕድሉ ያለው ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ተሰብስቦ በሚካፈልበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ቃሌ ለእናንተ ነው፣ ጨዋታ መሥራት ለምትማሩትና ለምትችሉት። ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ንና «ገበታ»ን ለስልክ ሠርቶ የእኛ ጨዋታ በእኛ እጅ እንደሚሠራ አሳይቷል። አሁን አንድ ነገር ሥሩልን። በረኛው መነጽሩን ያጥልቅ፤ ኳሱ ወደ ፊቱ ሲመጣ ይይ፣ በሁለት እጁ ይመልስ። አራቱ ደግሞ አግዳሚው ላይ ጆይስቲክ ይዘው ተራ በተራ ፍጹም ቅጣት ምት ይምቱበት። ማልያው የአርሴናልና የማንችስተር ብቻ አይሁን፣ የጊዮርጊስና የቡናም ይኑርበት። ጩኸቱ በአማርኛ ይሁን። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ለሙከራ ሩቅ አትሂዱ፤ መጀመሪያ አብነት አምጡት።