የኳንት ጉዞና የአንድ ከረጢት ነገር

የሰው ልጅ በጠፈር ላይ ቋሚ ማደሪያ ለማቆም ባደረገው ጥረት ውስጥ የሚር ጣቢያ ታሪክ ከፍ ያለ ስፍራ ይዟል። ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1986 ወደ ምሕዋር ያወጣችው የጣቢያው ዋና ክፍል ስድስት የመገናኛ በሮች ነበሩት። ይህም ጣቢያው በየጊዜው ክፍል እየተቀጠለለት እንዲሰፋ ታስቦ መነደፉን ያስረዳል። ከሁሉ አስቀድሞ የተቀጠለው ኳንት የተባለው የሥነ ፈለክ ምርምር ክፍል ነበር።

ኳንት መጀመሪያ የታቀደው ለሳልዩት 7 ጣቢያ ሲሆን፣ ኋላ ለሚር ተዛወረ። 11 ቶን ያህል የሚመዝነው ይህ ክፍል የራሱ ሞተር ስላልነበረው የሚገፋው መንኮራኩር ተገጠመለት፤ ሁለቱ ባንድነት ከ20 ቶን በላይ ሆኑ። በውስጡም የምዕራብ አውሮፓ ሳይንቲስቶች ጭምር የተሳተፉባቸው የራጅ ቴሌስኮፖችና ጣቢያውን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚያዞሩ ስድስት ጋይሮስኮፖች ተተከሉ። ኳንት የጣቢያውን የኋላ በር ስለሚይዝ፣ በበኩሉ ሌላ በር ተበጀለት፤ የጭነት መንኮራኩሮች የሚያመጡት ነዳጅም በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ቧንቧ ተዘረጋለት።

ይህ ሁሉ ዝግጅት ከተፈጸመ በኋላ ኳንት ማርች 31 ቀን 1987 በፕሮቶን ሮኬት ተወነጨፈ። ኤፕሪል 5 ቀን ወደ ጣቢያው ሲቃረብ የመቆጣጠሪያው መሣሪያ ዒላማውን ስቶ ኳንት አልፎ ሄደ። ኤፕሪል 9 ቀን በተደረገው ሁለተኛ ሙከራ የመገጣጠሚያው ዘንግ በሩን ቢይዝም፣ ጥቂት ሳንቲሜትር ሲቀር ነገሩ ቆመ። ክፍሉ ጠብቆ ካልታሰረ አየር አይዝም፤ የብዙ ዓመት ድካምም ከንቱ ሊቀር ሆነ።

ስለዚህ ዩሪ ሮማኔንኮና አሌክሳንደር ላቬይኪን በሥራ ፕሮግራማቸው ውስጥ ያልነበረ ጉዞ ወደ ውጭ እንዲያደርጉ ታዘዙ። ኤፕሪል 11 ቀን ወጥተው ሲመረምሩ፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል የተሰነቀረ አንድ ከረጢት አገኙ። ከምድር በተሰጠ ትእዛዝ ዘንጉ ወደ ውጭ ተገፍቶ ክፍተቱ ሲሰፋ፣ ጠፈርተኞቹ ከረጢቱን ጎትተው አወጡት፤ ኳንትም ከጣቢያው ጋር ጠብቆ ተያያዘ። ገፊው መንኮራኩር ከዚያ በኋላ ተላቆ የኋላው በር ተከፈተ።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የኳንት ቴሌስኮፖች በፌብሩዋሪ ከታየው የኮከብ ፍንዳታ የመነጨውን ራጅ ለመቅዳት በቁ። ሚርም እስከ 2001 ድረስ በምሕዋሩ ቆየ።

ከዚህ ታሪክ መሐንዲስ የሚቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። ንድፉ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ሁለት አካላት የሚጋጠሙበት ስፍራ ንጹሕ መሆኑን ማረጋገጥ የሥራው ታናሽ ክፍል ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።